ኒሺታኒ ኬይጂ እና የተገለበጠው ጥያቄ

«ሃይማኖት ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ያልተጠየቀ አማኝ ያለ አይመስለኝም። መልሱም የተለመደ ነው፤ ሰላም ይሰጣል፣ ልጆችን በሥነ ምግባር ያንጻል፣ ሰውን ከሰው ያስተሳስራል እንላለን። ጃፓናዊው የሃይማኖት ፈላስፋ ኒሺታኒ ኬይጂ ዋናውን መጽሐፉን የጀመረው ግን ይህ ጥያቄ ራሱ ትክክል አይደለም በማለት ነው። ምግብን፣ ትምህርትን፣ ንግድን፣ ኪነ ጥበብን የምንፈልጋቸው ለኑሯችን ስለሚጠቅሙን ነው። የሃይማኖት ነገር የሚነሣው ደግሞ እነዚህ ሁሉ ጥቅማቸውን ባጡበት ሰዓት ነው። የሚወዱት ሰው ሲሞት፣ ሐኪም መጥፎ ዜና ሲናገር፣ ዕድሜ የፈሰሰበት ዓላማ በአንድ ቀን ሲፈርስ፣ «ይህ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ማለት ይቀርና «ለመሆኑ እኔ ራሴ ያለሁት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በኒሺታኒ አስተሳሰብ ሃይማኖት እዚህ ላይ ይጀምራል። ሃይማኖትን በጥቅሙ የሚመዝን ሰው፣ ቢደግፈውም ቢቃወመውም፣ ገና ወደ ጉዳዩ አልገባም።

ኒሺታኒ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሃይማኖት ፈላስፎች አንዱ ነው። ስሙ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ «የምንም ፈላስፋ» ተብሎ ይታለፋል፤ ሁሉን የካደ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይመስላል። እኔ ሳነበው ያገኘሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ተስፋ መቁረጥን በደንብ ያውቀዋል፤ ሥራው በሙሉ ደግሞ ከዚያ የሚወጣበትን መንገድ ፍለጋ ነው።

የተወለደው በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1900 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የትውልድ ቦታው በኢሺካዋ ግዛት፣ በኖቶ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለችው ኡሺትሱ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ናት። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቶኪዮ ተዛወረ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ አባቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ብዙ ሳይቆይ እሱንም ተመሳሳይ ሕመም ያዘው። በጊዜው እጅግ ይከበር ወደነበረው የቶኪዮ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመግባት ሲሞክር የጤና ምርመራውን ማለፍ ስላልቻለ ለማገገም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆካይዶ ሄደ። በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ ተስፋ የሚባል ነገር ፈጽሞ ያልነበረበት ወጣትነት ነበር ይላል። በር የከፈቱት ሕመሙና የአባቱ ሞት ነበሩ፤ ጥያቄው ግን ከእነሱ አልፎ የመኖርን ትርጉም ራሱን ነካ።

እንዲህ ያለ ወጣት የሚያነበው ነገር የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። የጀርመናዊውን ፈላስፋ የኒቼን «ዛራቱስትራ» ሰው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚይዝ ይዞት ይዞር ነበር። የሩሲያውን ደራሲ ዶስቶየቭስኪን፣ መጽሐፍ ቅዱስን፣ የአሲሲውን ቅዱስ ፍራንቼስኮን፣ የዜን (ተመስጦን ዋና መንገዱ ያደረገ የቡድሂዝም ጎራ) መምህሩን ሃኩይንን ጎን ለጎን አነበበ። አንድ ቀን መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ የኒሺዳ ኪታሮን የድርሰቶች ስብስብ በአጋጣሚ አገኘ። ኒሺዳ (1870–1945) እንደ እሱ የኢሺካዋ ልጅ ነው፤ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ «እኔ» እና «ነገሩ» ተብሎ ከመለያየቱ በፊት ያለውን ልምድ የፍልስፍናው መነሻ ያደረገ ሰው ነው። ኒሺታኒ ባነበበው ነገር የራሱን ነፍስ ቋንቋ እንዳገኘ ተሰማውና በኒሺዳ ሥር ለመማር ወደ ኪዮቶ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1924 በጀርመናዊው ፈላስፋ በሼሊንግ ላይ ጽፎ ተመረቀ። ከዚያ ለዓመታት አስተማሪነት ሠርቶ በ1935 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆነ። ዛሬ «የኪዮቶ ጎራ» የሚባለው የፈላስፎች ስብስብ ከኒሺዳ፣ ከታናቤ ሃጂሜና ከእሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው።

በዚሁ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድለው ጀመር። መጽሐፍ ያነባል፣ ያስባል፣ ይጽፋል፤ ግን እግሩ መሬት የነካ አይመስለውም። ስለዚህ በ1930ዎቹ አጋማሽ በኪዮቶ ሾኮኩጂ ገዳም በያማዛኪ ታይኮ ሥር የዜን ተመስጦ ጀመረና ከሃያ ዓመት በላይ ቀጠለበት። ቀን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ በሌላው ጊዜ እግሩን አጣጥፎ በተመስጦ ይቀመጣል። ከማሰብ ወደ መቀመጥ፣ ከመቀመጥ ወደ ማሰብ ነው ኑሮው። ይህን ሳያውቁ መጽሐፉን የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። «ባዶነት» ሲል የአመክንዮ መደምደሚያ እየነገረን አይደለም፤ በአካል የተቀመጠበትን ነገር በፍልስፍና ቋንቋ ለመናገር እየታገለ ነው።

ከ1937 እስከ 1939 ጀርመን ነበር፤ በፍራይቡርግ የጀርመናዊው ፈላስፋ የማርቲን ሃይደገር ተማሪ ሆነ። ሃይደገር በእነዚያ ዓመታት ስለ ኒቼ ያስተምር ስለነበር፣ ወጣትነቱን ከኒቼ ጋር ላሳለፈው ጃፓናዊ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። ኒሺታኒ እዚያው የኒቼን ዛራቱስትራ ከመካከለኛው ዘመን ጀርመናዊ መናኝ ሰባኪ ከማይስተር ኤክሃርት ጋር አስተያይቶ ጥናት አቀረበ። «እግዚአብሔር ሞቷል» ያለውን ሰው እግዚአብሔርን እስከ ጥልቁ ከፈለገ ሰው ጎን ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። የኒሺታኒ መንገድ ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር፤ ክህደቱም እምነቱም ወደ ሥር ሲወርዱ የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንግባ። በ1961 የታተመው ዋናው ሥራው ርእሱ «ሃይማኖት ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን ስድስት ድርሰቶች አሉት። የድርሰቶቹ አከርካሪ ሰው ሊቆምባቸው የሚችል ሦስት ሜዳዎች አሉ የሚለው ሐሳብ ነው።

በመጀመሪያው ሜዳ ላይ ሁላችንም በየቀኑ እንውላለን። እኔ እዚህ ነኝ፣ ነገሮች እዚያ ናቸው። ዛፉን አየዋለሁ፣ ስሙን አውቃለሁ፣ ቆርጬ እጠቀምበታለሁ። ሌላውን ሰው እንኳ የማየው ከራሴ መስኮት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ራሴንም የማየው በዚሁ መንገድ ነው፤ «እኔ» የምለው ነገር በሐሳቤ ውስጥ የቆመ ሥዕል ይሆናል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት «አስባለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» ብሎ የዘመናዊውን ሰው እርግጠኝነት የመሠረተው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። የኒሺታኒ ትችት ስለታም ነው። እዚህ ላይ ነገሮችን በትክክል አናገኛቸውም፣ ራሳችንንም አናገኝም፤ የምናገኘው ለእኛ የታዩበትን መልክ ብቻ ነው። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይህን ሜዳ ኃያል አደረጉት። ሰው የተፈጥሮን ሕግ አውቆ ተፈጥሮን ገዛ፤ ከዚያ ግን የማሽኑ ሕግ ሰውን መልሶ ገዛው፤ ሰውየውም ፍላጎቱን ከመከተል በቀር ሌላ መመሪያ አጣ። ኒሺታኒ ሳይንስን አይጠላም። የሚቆጣው ሳይንስ ያመጣውን ለውጥ እንዳልሰሙ ሆነው በነፍስ ጓዳ ውስጥ በሚደበቁ ሃይማኖተኞች ላይ ነው። ጽንፈ ዓለሙ ለሰው ደስታም ሆነ ሐዘን ደንታ የሌለው ሆኖ ከታየ፣ ሃይማኖት ያንን ፊት ለፊት መመልከት አለበት ይላል።

ሁለተኛው ሜዳ የከንቱነት ነው። ከመጀመሪያው ሥር ሁልጊዜም አለ፤ ስለማናየው ነው እንጂ። ኒሺታኒ እዚህ ላይ ያመጣው ምሳሌ ከአእምሮዬ አይወጣም። በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ፎቶ ተደራርቦ ሲነሣ አስቡ። አንደኛው ምስል ጊንዛ ነው፤ መብራቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው የሚርመሰመስበት የቶኪዮ የንግድ አውራ ጎዳና። ሌላው ምስል ያው ቦታ ረጅም የዱር ሣር የዋጠው ባድማ ሆኖ ነው። «አንድ ቀን ጊንዛ ይፈርሳል» ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ያንን ማንም ያውቃል። የእሱ ነጥብ ሁለቱ ምስሎች አሁን፣ በዚህ ቅጽበት፣ አንድ ላይ እውነት ናቸው የሚል ነው። ሞት ወደፊት የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን ከሕያው ፊት ጋር አብሮ የተነሣ ምስል ነው። የሁለቱንም ምስል እውነት አንድ ላይ ያየ ሰው ነው፣ በእሱ አባባል፣ ነገሩን እንዳለ ያየው።

ይህ ሲገለጥ «ታላቁ ጥርጣሬ» ይመጣል። ቃሉ የዜን ነው። ዴካርት ሲጠራጠር ተጠራጣሪው ራሱ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ጥርጣሬው በእጁ ያለ መሣሪያ ነው። በታላቁ ጥርጣሬ ግን የሚጠራጠረውና የሚጠረጠረው ተቀላቅለው ሰውየው ራሱ ጥርጣሬ ይሆናል። «እጠራጠራለሁ» የሚል እንኳ አይቀርም። ብዙ ዘመናዊ አሳቢዎች እዚህ ደርሰው ቆመዋል። ለምሳሌ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሳርትር በሰው ሥር ምንም እንደሌለ ካየ በኋላ፣ ሰው በዚያ ምንም ላይ ቆሞ ራሱን ይሠራል አለ። ኒሺታኒ ይህን አይቀበልም። ያ «ምንም» አሁንም ከ«እኔ» ፊት የቆመ ነገር ነው፤ «እኔ»ው አልተነካም፣ እንዲያውም ጠንክሯል።

ከከንቱነት ለመሸሽ ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያው ሜዳ መመለስ ይቻላል፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በሥራ፣ በወሬ፣ በጨዋታ፣ አንዳንዴም በጸሎት። ኒሺታኒ ግን መውጫው በከንቱነት መካከል አልፎ ወደ ፊት ነው ይላል። ሦስተኛው ሜዳ፣ በሳንስክሪት ሹንያታ የሚባለው የቡድሂዝም ባዶነት፣ ከንቱነቱ ራሱ ባዶ ሲሆን የሚገኝ ነው። ከንቱነት ሁሉን ነገር ይሰርዛል፤ ባዶነት ደግሞ ያንን መሰረዝ ራሱን ይሰርዘዋል። የተሰረዘው ነገር ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን ለእኔ የታየበትን መልክ ብቻ ይዞ ሳይሆን ራሱን ሆኖ ነው።

ይህ ለጆሮ ከባድ ስለሆነ ከቡድሂስት ወግ አንድ አባባል ይወስዳል፤ «እሳት እሳትን አያቃጥልም» የሚለውን። ምድጃ ላይ የሚነድ እሳት እንመልከት። እሳት ምንድን ነው ብንባል «የሚያቃጥል ነገር» እንላለን። ትክክል ነው፤ እንጨቱን ያቃጥላል፣ እጃችንን ያቃጥላል፣ ብረት ምጣዱን ያግላል። ግን ይህ ሁሉ እሳት ለሌላው የሚያሳየው ፊት ነው። እሳቱ ራሱን አያቃጥልም። ራሱን ቢያቃጥል ኖሮ ለአፍታም ሊነድ አይችልም ነበር። ማቃጠሉ የቆመው ባለማቃጠሉ ላይ ነው። ስለዚህ እሳት በገዛ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ ከተጠየቀ፣ «የሚያቃጥል» የሚለው ፍቺ አይደርስበትም፤ ከውጭ ሆኖ የሚገልጸው የትኛውም ቃል አይደርስበትም። ያ ፍቺ የማይደርስበት ቦታ ነው የእሳቱ ባዶነት፤ እሳቱ በእውነት እሳት የሚሆነውም እዚያ ነው። ዓይን ዓይንን አያይም፣ ውኃ ውኃን አያጥብም የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። እኔም በሥሬ «እኔ» ተብዬ ልያዝ የማልችል በመሆኔ ነው እኔ የሆንኩት።

ከዚህ ትልቅ ነገር ይከተላል። እያንዳንዱ ነገር በራሱ ቤት ጌታ ነው፤ በሌሎቹ ሁሉ ቤት ደግሞ አገልጋይ ነው። እያንዳንዱ ሌላውን ደግፎ ያቆመዋል፣ በሌላውም ተደግፎ ይቆማል። ዛፉ ያለ አፈሩ፣ አፈሩ ያለ ዝናቡ፣ እኔም ያለ አንተና ያለ እነሱ አልቆምም። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ለኒሺታኒ ከላይ የተጫነ ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ነገሮች በእውነት ያሉበት ሁኔታ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ወደ ወጣትነት ወዳጁ ወደ ፍራንቼስኮ ይመለሳል። ፍራንቼስኮ ዓይኑ ታሞ ሐኪሙ በጋለ ብረት ሊተኩሰው ሲዘጋጅ፣ እሳቱን «ወንድሜ እሳት» ብሎ ጠርቶ ርኅራኄ እንዲያደርግለት ለመነው። ለኒሺታኒ ይህ ግጥም ወይም የዋህነት አይደለም። ራሱን ፈጽሞ ባዶ ያደረገ ሰው ሁሉን ነገር በወንድምነት የሚያገኝበት ሁኔታ ነው።

ክርስቲያን አንባቢ እዚህ ላይ ጆሮው ይቆማል፤ ኒሺታኒም አውቆ ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው ላይ ክርስቶስ ራሱን ባዶ እንዳደረገ ይናገራል። ኒሺታኒ ይህን ቃል አጥብቆ ይዞ ይጠይቃል፤ ወልድ ራሱን ባዶ ማድረጉ ከአብ ፍቅር ባሕርይ የሚወጣ ከሆነ፣ ባዶ መሆን በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ጊዜ የተደረገ ድርጊት ብቻ ሳይሆን የፍቅሩ መሠረት አይደለምን? ለዚህም የማቴዎስ ወንጌልን ይጠራል፦ እግዚአብሔር ፀሐዩን በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ ያወጣል፣ ዝናቡን በጻድቃንም በኃጢአተኞችም ላይ ያዘንባል። ሳይንስ ያሳየን ደንታ ቢስ ተፈጥሮና ወዳጅና ጠላት የማይለይ ፍቅር አንድ ፊት አላቸው፤ ልዩነቱ የምንቆምበት ሜዳ ነው። ይህ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ ጠንካራው ገጽ ነው። ሆኖም የክርስትና ሊቃውንት የሚመልሱት መልስም ቀላል አይደለም፤ የእግዚአብሔር ፍቅር በስም የሚጠራ፣ የሚያዝን፣ የሚፈርድም ነው፤ የአብና የወልድ ግንኙነት በሁለት አካላት መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ያንን ወደ ባዶነት መመለስ ፍቅሩን ያደበዝዘዋል። ኒሺታኒ ይህን ሙግት የዘጋው አይመስለኝም።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ሌላ ሥራው አለው፤ በ1949 ስለ ኒሂሊዝም (ምንም ነገር ትርጉምና ዋጋ የለውም ስለሚለው አመለካከት) ያሳተመው ትምህርት። አብዛኛው ስለ ኒቼ፣ ዶስቶየቭስኪ፣ ሽቲርነርና ሃይደገር ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ወደ አገሩ ይዞራል። አውሮፓ ውስጥ ኒሂሊዝም የመጣው ትልቅ እምነት ስለፈረሰ ነው፤ ስለዚህ አውሮፓውያን ምን እንዳጡ ያውቃሉ። ጃፓን ግን የምዕራቡን ፋብሪካ፣ ሕግና ትምህርት ስትወስድ ያንን ሁሉ የወለደውን እምነት አልወሰደችም፤ የራሷንም መንፈሳዊ ቅርስ በጥድፊያ ላይ ጣለች። የቀረው ክፍተት ነው፤ ክፍተት መኖሩን እንኳ የማያውቅ ክፍተት። ይህን ሳነብ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ትዝ ይሉኛል። በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፉ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያነት የተቀረጸ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁሮቻችን በጃፓን ያዩት ራሱን ሳይጥል የሠለጠነ አገር ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከዚያው አገር የተነሣ ፈላስፋ ደግሞ ራሳችንን ጥለናል እያለ ይጽፍ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ስለ ዘመናዊነት የምንከራከር ሰዎችን ብዙ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ኒሺታኒ መፍትሔው ወደ ድሮው መመለስ ነው ስላላለ።

ስለ ጦርነቱ ዓመታት ዝም ብሎ ማለፍ ግን ለአንባቢ አለመታመን ነው። በኖቬምበር 1941፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ልትመታ ቀናት ሲቀሯት፣ ኒሺታኒና ሦስት የኪዮቶ ባልደረቦቹ ስለ ዓለም ታሪክና ስለ ጃፓን ድርሻ የጠረጴዛ ዙሪያ ውይይት ጀመሩ፤ ውይይቱ በታወቀ መጽሔት ላይ ታተመ። በ1942 ደግሞ «ዘመናዊነትን ማሸነፍ» በሚል ርእስ በተደረገ ጉባኤ ተሳተፈ። በሁለቱም ላይ ጃፓን በእስያ የመሪነት ተልእኮ እንዳላት ተናግሯል። ወታደራዊ አክራሪዎች ንግግሩን የላላ ነው ብለው ተቃወሙት፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ለጦርነቱ ፍልስፍና አበደረ ተብሎ ተወቀሰ። በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ዘመን ለማስተማር ብቁ አይደለም ተብሎ ከወንበሩ ተነሣ፤ የተመለሰው በ1952 ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የፖለቲካ ስሕተቱ ብቻ አይደለም። በ1942 ጽሑፉ ውስጥ «ራስን መካድ» የሚለው ውድ ሐሳቡ የግል ጥቅምን አጥፍቶ ለመንግሥት ማገልገል ከሚለው የጊዜው መፈክር ጋር ተቆራኝቷል። እርግጥ መንግሥት ራሱም ስለ ዓለም ማኅበረሰብ ሲል ራሱን መካድ አለበት ይል ነበር። ግን ያንን መንግሥት ማን ያስገድደዋል? ወታደሩ በትእዛዝ ራሱን ይክዳል፤ ጄኔራሉን ራሱን እንዲክድ የሚያዘው የለም። ከ«እኔ» ነፃ መውጣት ገዥውን «አይሆንም» ለማለት ብርታት ካልሰጠ፣ ለገዥው የተመቸ ሰው ማፍራት ሊሆን ይችላል። የ1961ዱ መጽሐፍ ስለ ጊዜና ስለ ታሪክ ሁለት ረጃጅም ድርሰቶች አሉት፤ ስለ ሰው ልጅ ራስ ወዳድነት የሚለው ጥልቅ ነው። የተበደለ ሰው ፍትሕ ሲጠይቅ ከየትኛው ሜዳ ላይ እንደሚጠይቅ ግን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁበትም። ብዙ ተቺዎቹም የሚቆሙት እዚሁ ላይ ነው።

ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ጡረታ ከወጣ በኋላ በዚያው ከተማ በኦታኒ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በምሥራቃዊ ቡድሂዝም ላይ የሚያተኩረውን የእንግሊዝኛ መጽሔት በማዘጋጀትም ዜንን ለምዕራቡ ዓለም ካስተዋወቀው ከዲ. ቲ. ሱዙኪ ጋር ሠርቷል፤ ያረፈው በኖቬምበር 24 ቀን 1990 በኪዮቶ ነው። ዋናውን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ቤልጅጋዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ያን ቫን ብራግት ሲሆን ትርጉሙ በ1982 ታተመ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ከየት ልጀምር ቢለኝ በ1949ኙ የኒሂሊዝም ትምህርት እንዲጀምር እመክረዋለሁ፤ ቋንቋው ይቀላል፣ ጥያቄውም ከየት እንደመጣ ያሳያል። ከዚያ የዋናውን መጽሐፍ ሁለት የመጀመሪያ ድርሰቶች ቀስ ብሎ ያንብብ፤ አንዱ ጥያቄውን ይገለብጣል፣ ሁለተኛው ሳይንስንና ወንጌልን ያገናኛል። የ1942ቱም ጉባኤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ እሱን ለመጨረሻ ሳያቆይ ከዋናው መጽሐፍ ጋር አብሮ ያንብበው።